ስሪዲ ሞዴል ላይ ልኬት ለምን ይጠፋል? ለምን ይገዝፋል? ለምንስ ይዋሻል?

ጎንደር ውስጥ አዘዞ ያለ የብየዳ ቤት ሠራተኛ ወይም ማራኪ ሰፈር ግድግዳ የሚያቆም ግንበኛ ኮምፒውተር ላይ በስሪዲ (ሦስት ገጽታ ይዞ) የተሳለውን ሞዴል አያየውም። እጁ የሚገባው ወረቀት ነው። ሜትሩን ዘርግቶ የሚቆርጠው፣ ክሩን የሚወጥረው ወረቀቱ ላይ ባለችው ቁጥር ነው። የኮሪደር ልማቱና የፋሲል ግቢ እድሳት መነጋገሪያ ከሆኑ ወዲህ ስሪዲ ሥዕል ከስልክ ስልክ ሲዞር እናያለን። ሥዕሉ ማማሩን ማንም ያያል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ደረጃ እንውሰድ። ከታችኛው ሊሾ እስከ ላይኛው ሊሾ ልክ 3 ሜትር ነው፤ ባለሙያው በ17 እርከን ከፍሎታል። የአንዱ እርከን ቁመት 0.17647 ሜትር ይመጣል። ፕሮግራሙ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ስለታዘዘ ወረቀቱ ላይ የወጣው 0.18 ነው። አናጢው ፎርሙን በ18 ሳንቲ ሜትር እየለካ 16 እርከን ይወጣል፤ 2.88 ሜትር ላይ ይደርሳል። ለመጨረሻው እርከን የተረፈው 12 ሳንቲ ሜትር ነው። እግር የለመደውን 18 ሲጠብቅ 12 ያገኛል፤ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው። ሞዴሉ አልተሳሳተም፤ አናጢውም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቁጥሩ እንዴት እንዲታይ እንደታዘዘ ነው።

ይህ ማብራሪያ በአብዛኛው ስኬችአፕ የተባለውን የስሪዲ መሳያ ፕሮግራም ይዞ ይሄዳል፤ የፕላን መሳያውን አውቶካድን መንገድ ላይ ያነሳል። የሌሎቹም ፕሮግራሞች አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሞዴሉ ውስጥ ያለው መጠንና የሚታየው ቁጥር አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ስልክዎ 9:27 ይላል እንበል። ሰው ሰዓት ቢጠይቅዎ «ሦስት ሰዓት ተኩል» ይሉታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አድርገዋል። አንደኛ፣ የፈረንጁን አቆጣጠር ወደ እኛ ቀይረዋል። ሁለተኛ፣ ሦስት ደቂቃ ጨምረው አጠጋግተዋል። ጊዜው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ፕሮግራሙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስኬችአፕ በሆዱ ሁሉንም ርዝመት የሚይዘው በኢንች ነው። ለእርስዎ ሲያሳይ ወደ መረጡት መለኪያ ይመነዝራል፤ ቀጥሎ በታዘዘው አሃዝ ያጠጋጋል። ሁለቱም የሚታዘዙት «ዊንዶው» ከሚለው ሜኑ ሥር «ሞዴል ኢንፎ» ውስጥ «ዩኒትስ» በሚለው ገጽ ነው። የቁጥሩ መልክ፣ ማለትም የፊደሉ ዓይነት፣ ቀለሙ፣ የመስመሩ ጫፍና አቀማመጡ፣ የሚገኘው እዚያው «ዳይሜንሽንስ» በሚለው ገጽ ነው። ሰው የሚወዛገበው አንዱን በሌላው ገጽ ስለሚፈልግ ነው።

3 ሜትር ብዬ የሳልኩት ለምን በጫማና በኢንች ወጣ?

ፕሮግራሙ ሲከፈት የተመረጠው መነሻ ቅጽ የአሜሪካኖቹ ስለሆነ ነው። 3 ሜትር በዚያ ቅጽ 9 ጫማ ከ10 ኢንች ከአንድ ስምንተኛ ገደማ ሆኖ ይወጣል። «ዩኒትስ» ገብተው ፎርማቱን «ዴሲማል»፣ ርዝመቱን ሜትር ወይም ሚሊ ሜትር ያድርጉ። የተሳለው ነገር አያድግም፣ አያንስም፤ የተሳሉት ልኬቶች ግን ሁሉም በአንዴ ይቀየራሉ።

አደጋው ያለው ሲጽፉ ነው። መለኪያው ኢንች ሆኖ ሳለ 3 ብለው ኢንተር ቢጫኑ 3 ኢንች ይሳላል፤ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ፋይልም በሚሊ ሜትር ተስሎ በሜትር ከተከፈተ ሺህ እጥፍ ይገዝፋል፤ ቤቱ ከተማ ያክላል። ስለዚህ አዲስ ፋይል ሲገባ መጀመሪያ የአንድ በር ስፋት ይለኩ። የበር ስፋት ምን ያህል እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል።

ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ ይበቃል? ቁጥሩ ፊት ያለው ~ ምንድን ነው?

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

«ዲስፕሌይ ፕሪሲዥን» የሚለው ምርጫ ከነጥብ በኋላ ከምንም እስከ ስድስት አሃዝ ይሰጣል። በሜትር ለሚሠራ ሰው ሁለት አሃዝ ማለት ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት አሃዝ ማለት ሚሊ ሜትር ነው። ለግንብ ሥራ ሳንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ የልስኑ ውፍረት ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ለላሜራ በር፣ ለቱቦላሬ ፍሬም፣ ለአልሙኒየም መስኮትና ለኪችን ካቢኔት ግን ሚሊ ሜትር ግድ ነው። 1.245 ሜትር የሆነ የመስኮት ክፍት ቦታ በአንድ አሃዝ 1.2 ሆኖ ከታየ ባለ ብየዳው ቆርጦ የሚያመጣው ፍሬም 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያንሳል።

ከዚህ የባሰው የተደጋገመ ነገር ነው። 6 ሜትር አጥር በ7 እኩል ክፍል ሲከፈል አንዱ 0.857142 እያለ ይቀጥላል። በሁለት አሃዝ 0.86 ይታያል። 0.86 ሰባት ጊዜ ሲደመር 6.02 ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትሩ ማረፊያ አጥቶ ከግንቡ ጋር ይጋጫል። በአንድ አሃዝ 0.9 ቢታይ ደግሞ ድምሩ 6.30 ይሆናል። መፍትሔው ሁልጊዜ አሃዝ ማብዛት አይደለም፤ ስድስት አሃዝ ያለበትን ወረቀት ግንበኛው አንስቶ ይጥለዋል፣ ደግሞም እውነቱን ነው። የተደጋገመ ነገር ሲኖር ጠቅላላውን ርዝመት በአንድ የልኬት መስመር ይጻፉና ከሥሩ «በ7 እኩል ይከፈል» ይበሉ። ሠራተኛው ክፍፍሉን ሜትር ላይ ራሱ ያወጣዋል። ደረጃውም ላይ 3.00 ሜትር፣ 17 እርከን ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የሚደናቀፍ አይኖርም ነበር። በሚሊ ሜትር 176 ተብሎ ቢሠራ እንኳ የመጨረሻው እርከን 184 ይሆናል፤ የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት በንጣፉ ሊስተካከል ይችላል።

አሁን ወደ ሞገዷ እንምጣ። ስኬችአፕ አጠጋግቶ ያሳየውን ቁጥር በሐቀኝነት ይናዘዛል፦ ከፊቱ ~ ያስቀምጣል። «ወደዚህ ገደማ ነው፣ ሙሉውን አላሳየሁህም» ማለቱ ነው። ብዙዎች ምልክቷ ሥዕሉን አበላሸች ብለው ሊያጠፏት ይታገላሉ። ተዉአት፤ የምትሰጠው መረጃ የትም የለም። ግድግዳውን 4.00 ሜትር ብለው ሳሉት እንበል። ልኬቱን ሲያወጡ ግን ~4.00 አለ። ለምን? ምናልባት አንደኛውን ጫፍ ከፊተኛው ማዕዘን፣ ሁለተኛውን ከኋለኛው ማዕዘን ላይ ጠቅ አድርገው፣ መስመሩን ወደ ሰያፍ ጎትተውት ይሆናል። ግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ሰያፉ 4.0028 ሜትር ነው። በዓይን አይለይም፤ በሁለት አሃዝም አይለይም፤ ሞገዷ ግን ትጠቁማለች። ስለዚህ ድፍን ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ~ ካዩ ቆም ይበሉ፦ ወይ የተሳለው ጠምሟል፣ ወይ የተለካው ከተሳሳተ ነጥብ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ እዚያው ገጽ ላይ «ሌንግዝ ስናፒንግ» የሚል ሌላ ምርጫ አለ። ከአሃዙ ጋር ጎን ለጎን ስለተቀመጠ መንታ ይመስላል፤ አይደለም። አሃዙ የሚለውጠው የሚታየውን ብቻ ነው። ይህኛው ግን በማውስ የሚሳለውን ራሱን በተወሰነ እርምጃ እንዲዘል ያስገድደዋል። እርምጃው 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1.23 የፈለጉት መስመር 1.25 ላይ ይቆማል።

ስርቅ ቁጥሮቹ ለምን ይተፋፈጋሉ? ስቀርብስ ለምን ያንሳሉ?

ፋሲል ግቢ በር ላይ ያለ ታፔላ ሲርቁት ያንሳል፣ ሲቀርቡት ያድጋል። መነጽርዎ መስታወት ላይ የተለጠፈች ወረቀት ግን ግንቡ ቀረበም ራቀም ያው ናት። ስኬችአፕ ሁለቱንም ዓይነት ጽሑፍ ይሰጣል። የፎንት መጠን ምርጫው ላይ «ፖይንትስ» ካሉ ቁጥሩ የመነጽሩ ወረቀት ነው፦ ሞዴሉን ሲያርቁት ሕንጻው ያንሳል፣ ቁጥሩ ግን ስለማያንስ ሁሉም እላይ በላይ ይከመራል። «ሃይት» ካሉ ቁጥሩ የታፔላው ዓይነት ነው፦ ሞዴሉ ውስጥ እውነተኛ ቁመት ይኖረዋል፣ ከሕንጻው ጋር አብሮ ያንሳል ያድጋል። ስክሪን ላይ ለደንበኛ እያዞሩ ለማሳየት የመጀመሪያው ይመቻል። በተወሰነ ስኬል ለሚታተም ሥዕል ሁለተኛው ይሻላል።

የሃይቱ ቁጥር በግምት አይሞላም። ወረቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ደህና ይነበባል። በ1:50 ለሚታተም ሥዕል 2.5 በ50 ሲባዛ 125 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1:100 ደግሞ 250። አውቶካድ ላይም ስሌቱ ያው ነው፤ «ዳይሜንሽን ስታይል» ውስጥ የጽሑፉን ቁመት 2.5፣ «ኦቨርኦል ስኬል» የሚለውን 50 ሲያደርጉ ማባዛቱን ራሱ ይሠራል። ግን ይህ የሚሠራው ሥዕሉ በሚሊ ሜትር ከሆነ ነው። በሜትር የሚስል ሰው ይህንኑ ቁጥር ካስገባ 125 ሜትር የሚረዝም ፊደል ይወጣና ስክሪኑ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ይታየዋል። በሜትር ከሆነ ቁመቱ 0.0025 ይሁን።

ፎንቱን ቀይረው ምንም ካልተለወጠ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ስኬችአፕ አዲሱን መልክ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ለሚሳሉት ልኬቶች ነው። ለነባሮቹ እዚያው ገጽ ላይ መጀመሪያ «ሴሌክት ኦል ዳይሜንሽንስ»፣ ቀጥሎ «አፕዴት ሴሌክትድ ዳይሜንሽንስ» መጫን አለበት። የመለኪያውና የአሃዙ ለውጥ ግን ይህን አይጠይቅም፤ ወዲያው በሁሉም ላይ ይሠራል። በዚህ ምክንያት ስኬችአፕ ውስጥ አንዱን ልኬት በሳንቲ ሜትር፣ ሌላውን በሚሊ ሜትር ማሳየት አይቻልም። የስኬችአፕ የወረቀት ማዘጋጃ በሆነው ሌይአውት ላይ ወይም አውቶካድ ላይ ይቻላል።

ሞዴሉን ሳዞረው ቁጥሩ የት ሄደ?

የተከፈተ በር ከፊት ሲያዩት ሰፊ ነው፤ በጠርዙ በኩል ሲያዩት ቀጭን መስመር ነው። ልኬትም እንዲሁ ነው። መስመሩ ወደ እርስዎ ዞሮ በጠርዙ ሲታይ ቁጥሩ የሚያሳየው ርቀት ዓይን ላይ የለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሊደብቀው ይችላል። ይህን የሚያዙት «ኤክስፐርት ዳይሜንሽን ሴቲንግስ» የሚለው ቁልፍ ውስጥ ያሉ ሁለት ምርጫዎች ናቸው። «ሃይድ ዌን ፎርሾርትንድ» በጠርዙ የዞረውን ይደብቃል፤ «ሃይድ ዌን ቱ ስሞል» ከርቀት የተነሳ ያነሰውን ይደብቃል። ሁለቱም ምን ያህል ቶሎ እንደሚደብቁ የሚወሰንበት ተንሸራታች አላቸው። «ልኬቱ ጠፋብኝ» ብለው ደግመው ከመሳልዎ በፊት እዚህ ይዩ፤ አለዚያ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ልኬት ይደራረባል።

የጽሑፉ አቀማመጥም እዚሁ ይገባል። «አላይን ቱ ስክሪን» ከሆነ ቁጥሩ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ እርስዎ ያዞራል። «አላይን ቱ ዳይሜንሽን ላይን» ከሆነ ከመስመሩ ጋር ይተኛል፤ ከላዩ፣ መሃሉ ወይም ከውጭው እንዲሆን ይመረጣል። ለሥራ ሥዕል ከላይ የተኛው ይጠራል። የመስመሩ ጫፍ ቀስት፣ ነጥብ ወይም ሰያፍ ጭረት ይሆናል፤ የቤት ፕላን ላይ የለመድነው ጭረቱን ነው።

ቁጥሩ እንዳይጣመም ከፈለጉ ልኬቱን ሲስሉ ካሜራውን «ፓራለል ፕሮጀክሽን» ላይ ያድርጉና ከላይ ወይም ከፊት ቀጥ ብለው ይዩ። በፐርስፔክቲቭ፣ ማለትም የራቀው እያነሰ በሚታይበት እይታ፣ እየሳሉ መስመሩን ሲጎትቱ ወለሉ ላይ ያረፈ የመሰለዎ ልኬት አየር ላይ ቆሞ ይገኛል።

ግድግዳውን ገፋሁት፤ ቁጥሩ ለምን ባለበት ቀረ?

ልኬት በሁለት ምስማር መካከል እንደተወጠረ የግንበኛ ክር ነው። ምስማሩ ሲንቀሳቀስ ክሩ አብሮ ይሄዳል። ምስማሩ ከተነቀለ ግን ክሩ ባለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። መስመር አጥፍተው እንደገና ሲስሉ ለእርስዎ ያው ግድግዳ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን አሮጌው ምስማር ተነቅሏል። «ሃይላይት ነን አሶሼትድ ዳይሜንሽንስ» የሚለውን ያብሩና ቀለሙን ቀይ ያድርጉት፤ የተነቀሉት ሁሉ ቀልተው ይታያሉ። ከማተም በፊት ይህን ማየት አንድ ደቂቃ አይወስድም።

ከዚህ የከፋው በእጅ የተጻፈ ቁጥር ነው። ግድግዳው 3.58 ሆኖ «3.60 ይሁን በቃ» ተብሎ ቁጥሩ ላይ ሁለቴ ጠቅ ተደርጎ በላዩ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው 5 ሜትር ቢሆን እንኳ ወረቀቱ 3.60 ማለቱን ይቀጥላል። ለመመለስ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ባዶ ይተዉት፤ እውነተኛው ልኬት ይመለሳል። አውቶካድ ላይ ቁጥሩን ሳይነኩ ቃል መጨመር ከፈለጉ ባዶ የማዕዘን ቅንፍ ይጻፉ፤ ቅንፉ ባለበት ቦታ የተለካው ቁጥር ይገባል፣ ከጎኑ «ከልስን በፊት» ብሎ መጨመር ይቻላል። እዚያው አውቶካድ ውስጥ «ፕራይመሪ ዩኒትስ» ሥር «ስኬል ፋክተር» የሚል ሳጥን አለ። የሚታየውን ቁጥር በሙሉ በዚያ ያባዛዋል። በሚሊ ሜትር ተስሎ በሜትር እንዲነበብ 0.001 ካልተደረገ በቀር 1 መሆን አለበት። ከሌላ ሰው በፍላሽ የመጣ ፋይል ሲሆን መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት።

ክብ ማማ ስለካ ለምን ሁለት መልስ አገኛለሁ?

የፋሲል ግንብ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ዓይነት ክብ ማማዎች የሞከረ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። ስኬችአፕ ውስጥ ክብ የሚባል ነገር እንደ እውነቱ የለም፤ ያለው ብዙ ጎን ያለው ቅርጽ ነው፣ ካልቀየሩት በ24 ቀጥተኛ ጎን። ሬዲየሱ 3 ሜትር የሆነ ማማ ቢስሉ የዲያሜትር ልኬቱ 6.00 ይላል፤ ያ ከጥግ እስከ ትይዩው ጥግ ያለው ነው። ከጎኑ መሃል እስከ ትይዩው ጎን መሃል ቢለኩ ግን 5.95 ገደማ ይመጣል። በየጎኑ 2.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተላጭቷል። ክቡን ሲስሉ 96 ጽፈው ከኋላው የእንግሊዝኛዋን ኤስ ቢያስከትሉ 96 ጎን ይሆናል፤ ጉድለቱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለድንጋይ ግንብ ይበቃል፤ ሁሉን ክብ በ96 መሳል ግን ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል።

ልኬቶቹን አንዴ ማሳየት፣ አንዴ መደበቅ ብፈልግስ?

አንድ በአንድ እየደበቁ አይድከሙ። ለልኬት የራሱ ታግ ይክፈቱ፤ እስከ 2020 ድረስ «ሌየር» ይባል የነበረው ነው። አንዱን «የግንብ ልኬት»፣ ሌላውን «የበርና መስኮት» ብለው ልኬቶቹን ይመድቡ። ቀጥሎ ለግንበኛው አንድ ሲን (ተመልሰው የሚከፍቱት የተቀመጠ እይታ)፣ ለብየዳ ቤቱ ሌላ፣ ለባለቤቱ ደግሞ ምንም ቁጥር የሌለበት ሲን ያስቀምጡ። ሲኑ የትኛው ታግ በርቶ የትኛው ጠፍቶ እንደነበር ያስታውሳል።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ላይ ለምን ተበላሸ?

ፒያሳ ያለ ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሲቀበል የሚጠይቀው የወረቀቱን መጠን ነው። ሥዕሉ ለኤ1 በ1:50 ተዘጋጅቶ ለዋጋ ሲባል በኤ3 ከታተመ እያንዳንዱ መስመር በግማሽ ያንሳል፤ ስኬሉ 1:100 ይሆናል፣ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል 1.25 ይሆናል። ጥጉ ላይ ግን አሁንም 1:50 ተብሎ ተጽፏል። ማስመሪያ አስቀምጦ የሚለካ ሰው ሁሉንም በግማሽ ያነበዋል። ማተሚያው «ፊት ቱ ፔጅ» የሚለውን ካልነካ ደግሞ ሥዕሉ ተቆርጦ ይወጣል። በኤ3 መታተሙ የማይቀር ከሆነ ሥዕሉን ቀድሞ ለኤ3 በ1:100 ማዘጋጀትና የፊደሉን ቁመት ከላይ ባለው ስሌት እንደገና ማውጣት ያስፈልጋል። ከስሩም የተሳለች የስኬል መስመር፣ 0፣ 1፣ 2፣ 5 ሜትር እያለች የምትሄደዋ፣ ትግባ። ወረቀቱ ቢያንስ ቢያድግ እሷም አብራ ስለምታንስና ስለምታድግ አትዋሽም። ኅትመቱ እንደወጣ ባንኮኒው ላይ እንዳለ አንድ የታወቀ ልኬት በማስመሪያ ይፈትሹ፦ 4 ሜትር ግድግዳ በ1:100 ልክ 4 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት።